ከሰልፉ ጭራ የምትነዳው ብርሃንነሽ

ጅማ ውስጥ መንጃ ፈቃድ የያዘ ሰው ሰብስባችሁ «ማን አስተማረህ?» ብትሉ፣ ከሦስቱ አንዱ የብርሃንነሽን ስም ይጠራል። ከሠላሳ ዓመት በላይ ጣሪያዋ ላይ «ለማጅ» የሚል ሰሌዳ በተሸከመች መኪና የከተማውን ሰው ከገበያው እስከ ጅሬን ዳገት ስታመላልስ ኖራለች። ሐኪም አስተምራለች፤ ዳኛ አስተምራለች፤ ቄስም ሼክም አስተምራለች። ማንንም ለይታ አልተቆጣችም፤ ሁሉንም እኩል ነው የተቆጣችው።

ትውልዷ ሊሙ ገነት ነው። አባቷ የቡና እርሻ ትራክተር መካኒክ ነበሩ፤ ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው መፍቻ አቀባያቸው እሷ ነበረች። ገና ፊደል በቅጡ ሳትለይ አሥራ ሦስት ቁጥር መፍቻን ከአሥራ ሰባት ቁጥር በዓይኗ ትለይ ነበር። አሥራ ሰባት ዓመት የሞላት ጊዜ፣ ለቀማው በተጋጋለበት ሳምንት፣ የትራክተሩ ሾፌር በወባ ተያዘና ተኛ። ተጎታቹ ቀይ ቡና እንደተሞላ እርሻው መሀል ቆመ። ቀይ ቡና ካደረ ይበላሻል፤ የቡና መፈልፈያው ደግሞ አራት ኪሎ ሜትር ይርቃል። አባቷ በዚያ ሳምንት ቀኝ እጃቸው በፋሻ ታስሮ ነበር።

«እኔ ላድርሰው፣ አባዬ» አለች።

አባቷ አዩዋት። ወደ ቡናው አዩ፤ እንደገና ወደ እሷ አዩ።

«ቁልቁለቱ ላይ ማርሽ እንዳትነኪ» አሉ በመጨረሻ።

አልነካችም። መፈልፈያው በር ላይ ስትደርስ ሠራተኛው ሥራውን ትቶ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። ከዚያ ቀን ወዲያ ሌላ ሥራ ተመኝታ አታውቅም።

በሃያ ሁለት ዓመቷ መንጃ ፈቃድ ልታወጣ ጅማ መጣች። ፈታኙ ቁመታቸው ረዘም፣ ፊታቸው ኮስተር ያለ ሰው ነበሩ። ጅሬን ዳገት ላይ «አቁሚ» አሏት፤ አቆመች። «አስነሺ» አሏት፤ መኪናዋ አንድ ጣት ሳትንሸራተት አስነሣች። ሁለተኛ አስቆሟት። ሦስተኛ አስቆሟት። አራተኛ ሊሉ ሲሉ ብርሃንነሽ ዞር አለችና፣ «ጌታዬ፣ ካላመኑኝ እርስዎ ይውረዱና ከኋላ ጎማው ሥር ይቁሙ» አለቻቸው። ሰውየው ሳቃቸው አመለጣቸው፤ እየሳቁ ፈረሙላት።

አስተማሪ ከሆነች በኋላ ይህን ነገር ወደ ትምህርት ለወጠችው። ሰው ከጎማ ሥር ማቆም ስለማይቻል እንቁላል አስቀመጠች። ተማሪው ዳገቱ ላይ ያቆማል፤ እሷ ወርዳ ከኋላ ጎማው ሥር አንድ እንቁላል ታኖራለች፤ ከዚያ «ፍሪሲዮንና ነዳጅ፤ ባላንስህን ያዝና ሂድ» ትላለች። እንቁላሉ የተሰበረበት በማግስቱ ሌላ እንቁላል ይዞ ይመጣል። ጅማ ውስጥ እንቁላል ይዞ ወደ ጅሬን ሲወጣ የታየ ጎረምሳ ሁሉ ከየት እንደሚመጣ ይታወቅ ነበር።

አንድ ሰው ብቻ አላስተማረችም፤ የገዛ ልጇን። ፍሬሰላም አሥራ ስምንት ዓመት ሲሆናት ሦስት ቀን ሞከሩ። በሦስተኛው ቀን ሄርማታ ገበያ መሀል እናትየው «ስፖኪዮ! ስፖኪዮ አልኩሽ!» ብላ ስትጮህ፣ ልጅቷ መኪናውን አጠፋች፣ በሩን ከፈተች፣ ወረደች። ቀስ ብላ ዘጋችውና በመስኮቱ በኩል፣ «እማ፣ ወይ እናት ሁኚ ወይ አስተማሪ ሁኚ» ብላ በእግሯ ወደ ቤት ሄደች። ከዚያ ወዲህ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሁለቱም ነገሩን አንስተውት አያውቁም። ፍሬሰላም ትምህርቷን ጨርሳ የእንስሳት ሐኪም ሆነች፤ ኮሌጅ ታስተምራለች፤ ገጠር እየወጣች ከብት ታክማለች። አባቷ ካረፈ ወዲህ ከእናቷ ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ሆነው ይኖራሉ። የትም ሲሄዱ እናት ትነዳለች፣ ልጅ ከጎን ትቀመጣለች።

ብርሃንነሽ ጉልበቷ አስቸግሯት ማስተማር ካቆመች ሦስት ዓመት ሆናት። ለእሷ የቀረችላት ሰማያዊ ቮልስዋገኗ ናት፤ ከፍሬሰላም በዕድሜ የምትበልጥ፣ ሞተሯ ከኋላ የሆነ፣ ጠዋት ስትነሣ እንደ ሽማግሌ የምታስል መኪና። ከቮልሷ ጋር ደግሞ አንድ ማኅበር መጣላት።

ማኅበሩን ያቋቋመው ሀምዳን ነው። ሀምዳን ሄርማታ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል፤ የአባቱን ፔጆ 404 ከዶሮ ቤትነት አውጥቶ ሦስት ዓመት ሲያድሳት ኖሮ፣ አሁን ነጭ ቀለሟ ላይ ዝንብ ስታርፍ እንኳ የሚከፋው ሰው ነው። የድሮ መኪና ያለውን ሁሉ እያሰሰ አሥራ አንድ መኪና ሰበሰበ፤ አምስት ቮልስ፣ ሁለት ፔጆ፣ ሁለት ላዳ፣ አንድ ዳትሰን ፒክአፕ፣ አንድ ላንድሮቨር። ከባለመኪናዎቹ ስምንቱ የብርሃንነሽ ተማሪዎች ነበሩ። በየዓመቱ ጥቅምት ሲገባ፣ ዝናቡ አልፎ ቡናው መቅላት ሲጀምር፣ በሰልፍ ሆነው አንድ ቦታ ይሄዳሉ። በመጀመሪያው ዓመት ሰርቦ፣ በሁለተኛው አጋሮ፣ በሦስተኛው ሊሙ ገነት ሄዱ። ዘንድሮ ሀምዳን፣ «ኢንሻአላህ ወደ በለጠ ጌራ ነው፤ መንግሥት የሚጠብቀውን ደን ጅማ ተቀምጠን ሳናየው ልናረጅ ነው» አለ። ሁሉም ተስማማ።

እሑድ ጠዋት ሄርማታ ከሀምዳን ሱቅ ፊት ለፊት ተሰበሰቡ። ቤተ ክርስቲያን ሊስሙ የሄዱት እስኪመለሱ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆነ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከአንድ ትሪ እንዲበላ ሥጋ አይመጣም ተብሎ ስለነበር፣ የዳትሰኑ ጭነት የምስር ሳምቡሳ፣ ዳቦ፣ ሙዝና የሻይ ፔርሙዝ ነው። የሰፈሩ ልጆች መኪናዎቹን እየዞሩ ያያሉ፤ ከመስጊዱ የወጡ አዛውንት አንዱን ፔጆ እየደባበሱ ስለ ወጣትነታቸው ለማያውቁት ሰው ያወራሉ።

«ከፊት እርስዎ ይሁኑ፣ እትዬ» አላት ሀምዳን። «ወላሂ ከእርስዎ ፊት መንዳት ነውር ነው።»

«እኔ ከኋላ ነኝ» አለች ብርሃንነሽ። «የነጂ ጥፋት የሚታየው ከኋላ ነው። አንተ ቅደም፤ መሀል መንገድ ግን አትያዝ።»

ሀምዳን አርባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ የአራት ልጆች አባት ነው። «እሺ» ብሎ አንገቱን ደፋ።

አሥራ አንዱ መኪና ጥሩምባውን እየነፋ ከከተማ ወጣ። ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ይመስል ነበር። ከመንገዱ ግራና ቀኝ የበቆሎ ማሳው ደርቆ ተንዠርግጓል፤ ከማሳው ጀርባ ቡናው፣ ከቡናው በላይ ደግሞ ጥላ የሚሆኑት ረጃጅም ዛፎች ቆመዋል። ቤቱ ደጅ የወጣ ሁሉ እጁን ያውለበልባል። ብርሃንነሽ ግን የምታየው ሌላ ነው።

«ሀምዳን መሀል መንገድ ያዘ። ይኸው ያዘ። ባለዳትሰኑ ኩመራ ደግሞ ፍሬን ላይ ተኝቷል፤ ተወው ፍሬኑን፣ አንተ ሰው!»

«አይሰማሽም እኮ፣ እማ» አለች ፍሬሰላም ከጎን።

«እሱ ባይሰማኝም የኋላ መብራቱን አያለሁ። ሜዳ ላይ ስድስት ጊዜ ፍሬን ያዘ፤ ቆጥሬዋለሁ።»

ፍሬሰላም ፈገግ አለችና ወደ መስኮቱ ዞረች። ያን ቀን ወሬዋ ከወትሮው አንሶ ነበር፤ እናቷ የሥራ ድካም ነው ብላ አሰበች።

ሰቃ ከተማን አልፈው መንገዱ መጠማዘዝ ሲጀምር ሰልፉ በድንገት ቆመ። ብርሃንነሽ የእጅ ፍሬኗን ይዛ ወረደች፤ ከዘራዋን ተደግፋ ወደ ፊት ሄደች። አሸዋ የጫነ ትልቅ መኪና ጠመዝማዛው ላይ ተንሸራቶ በጎኑ ተኝቷል። ሾፌሩ ደኅና ነው፤ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ውሃ ይጠጣል። መኪናው ግን መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ዘግቶታል፤ አሸዋው ደግሞ ቦዩን ሞልቶታል። የሚያነሣው ክሬን ከጅማ የሚመጣው ከሰዓት በኋላ ነው ተባለ።

ሀምዳን ሰዓቱን አየ። ፊቱ ላይ ያለው ሐዘን የልጅ ሐዘን ነበር፤ ለዚህ ቀን ሁለት ወር ነው የደከመው።

«በቃ፣ ይህም የአላህ ቀደር ነው» አለ። «እንመለስና ቦዬ ውሃው ዳር ሄደን ምሳችንን እንበላለን።»

አንዳንዱ ሞተሩን አስነሣ። በዚህ መሀል ትከሻው ላይ መቆፈሪያ የያዘ ገበሬ ከላይ ከቡናው መሀል ወረደ። «አከም ቡልታን» ብሎ እንዴት እንዳደሩ ጠየቃቸው። ስሙ ደሬሳ ነው፤ ከላይ የሚታየው ቆርቆሮ ቤት የእሱ ነው። መኪናዎቹን አንድ በአንድ አየና ራሱን ነቀነቀ፤ እንዲህ ያለ ነገር ባንድ ላይ አይቶ አያውቅም።

«በእኔ ደጅ በኩል መንገድ አለ» አለ በአማርኛ። «ባጃጅ ይወጣበታል። አምና የግብርና መኪናም ወጥቶበታል። ተራራውን ዞሮ ከአስፋልቱ ይገጥማል። አንድ ቦታ ብቻ ዳገት ናት፤ ትናንት ማታ ደግሞ ዘንቦባታል።»

«ዳገቷን አሳየኝ» አለች ብርሃንነሽ።

«እትዬ፣ ጉልበትዎ...» አለ ሀምዳን።

«ጉልበቴን አላማከርኩትም።»

ደሬሳ ቀደመ፤ እሷ ተከተለች። መንገዱ በግራቪሊያ ዛፍና በቡና መሀል የገባ ቀይ አፈር ነው። እስከ ደሬሳ ደጅ ደኅና ነው። ከዚያ በኋላ ቀጥ ይላል፤ ሠማንያ እርምጃ ያህል፤ መሀሉ ላይ ትንሽ ወደ ግራ ይታጠፋል። ብርሃንነሽ ጎንበስ ብላ አፈሩን በከዘራዋ ጫፍ ወጋች። ላዩ ያንሸራትታል፤ ከሥሩ ግን ጠጠር አለው። ዋልካ ጭቃ ቢሆን ኖሮ እሷም «እንመለስ» ትል ነበር። ቀና ብላ ዳገቱ ጫፍ ላይ ያለችውን አንዲት ግራቪሊያ አየች። ነጂ ዓይኑን ከዚያች ዛፍ ላይ ካላነሣ መሪው አይወላውልም።

ተመልሳ መጥታ ሁሉንም ሰበሰበቻቸው። ድምፅዋ የጥንቱ ሆነ፤ ስምንቱ የድሮ ተማሪዎች ሳያውቁት ቀጥ ብለው ቆሙ።

«አሥራ አንዱም ይወጣል» አለች። «የሌላውን ነገር ተዉትና እኔ የምለውን ስሙ። ከነጂው በቀር መኪና ውስጥ ሰው አይቀመጥም። የኋላ ጎማችሁን አየር ትንሽ ቀንሱ። ከታች አንደኛ ማርሽ አስገቡና እላይ እስክትደርሱ እንዳትነኩት። ፍሬን የለም። ነዳጅ አታብዙ፣ አታሳንሱ። ዓይናችሁ ጫፍ ላይ ካለችው ግራቪሊያ ላይ ይሁን። ላንድሮቨሩ ይቅደም፤ ላይ ሆኖ ገመድ ይዞ ይጠብቀን። ኩመራ፣ ያንተ ፒክአፕ ኋላዋ ቀላል ነው፤ ከሰው አንተን ብቻ ለይቼ ልፍቀድልህ፣ አራት ወፍራም ሰው ኋላ ጫን።»

ሳቅ ሆነ። አራቱ ወፍራሞች ተመረጡ፤ ምርጫው ትንሽ ጭቅጭቅ ነበረው።

ብርሃንነሽ ዳገቱ መሀል፣ መታጠፊያው ላይ ቆመች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና በእጇ ያዘች፤ ስታነሣው ይመጣሉ፣ ስታወርደው ይጠብቃሉ። ላንድሮቨሩን የሚነዳው ጎሳዬ ነው፤ እሱም የእሷ ተማሪ የነበረ፣ አሁን በተራው ሰው መኪና መንዳት የሚያሠለጥን። ያለ ችግር ወጣ። የእሷ ስትቀር ቮልሶቹ ተከተሉ፤ ሞተራቸው ከኋላ ጎማው ላይ ስለተቀመጠ አፈሩን ነክሰው ይይዛሉ። ላዳዎቹ ወጡ፤ አንደኛው ትንሽ ተወላገደና ተስተካከለ። ዳትሰኑ አራት ወፍራም ሰው አሳፍሮ፣ ወፍራሞቹ እየጮሁ፣ ወጣ። ደሬሳና ጎረቤቶቹ አጥሩ ላይ ተደግፈው ለእያንዳንዱ መኪና «ጀባዱ! በርታ!» እያሉ ያጨበጭባሉ።

የሀምዳን ፔጆ መታጠፊያው ጋ ስትደርስ ሞተሯ ጠፋ። ሀምዳን ደነገጠ፤ ፍሬኑን ጨምቆ፣ ሁለት እጁ መሪው ላይ ደርቆ ቀረ። ነጩ በር ቀይ ጭቃ በጭቃ ሆኗል።

ብርሃንነሽ ወደ መስኮቱ ተጠጋች። ሁሉም የምትጮህበት መስሎት ነበር። እሷ ግን ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ሀምዳን፣ ከኋላ ጎማህ ሥር እንቁላል አለ» አለችው።

ሀምዳን አያት። ፈገግ አለ። «ቢስሚላህ» አለ። የእጅ ፍሬኑን ሳበና ሞተሩን አስነሣ፤ ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርጎ ለቀቀ፤ መኪናዋ አፍንጫዋን ቀና አድርጋ ተንቀጠቀጠች፤ ከዚያ የእጅ ፍሬኑን ፈታ። አንድ ጣት ወደ ኋላ አላለችም። ጫፍ ላይ ስትደርስ ከላይ ያለው ሰው ሁሉ ጮኸ፤ ሀምዳን ጥሩምባውን ነፍቶ ነፍቶ ሊያቆም አልቻለም። ሁለተኛዋ ፔጆ ከኋላው ተከትላ ወጣች።

ከታች የቀረችው ሰማያዊዋ ቮልስ ብቻ ነበረች። ብርሃንነሽ ልትወርድ አንድ እርምጃ ስትራመድ ጉልበቷ እንቢ አለ። ከዘራዋን ጨብጣ ቆመች። ከላይ ጎሳዬ፣ «እኔ ወርጄ አመጣታለሁ፣ እትዬ!» ብሎ መሮጥ ጀመረ።

ያን ጊዜ ሞተር ሲነሣ ተሰማ። ብርሃንነሽ ያንን ሳል ከሺህ መኪና መሀል ታውቀዋለች።

«ማነው እሱ?» አለች። ሾፌሮቹ ሁሉ ላይ ናቸው። ቁልፉን ለፍሬሰላም ነበር ሰጥታት የመጣችው።

ዓይኗ ከማየቱ በፊት ጆሮዋ ሰማ። ፍሪሲዮኑ ሲለቀቅ ሰማች፤ አልተነጠቀም። ማርሹ ሲገባ ሰማች፤ አልጮኸም። ቮልሷ ከደሬሳ ደጅ ብቅ ስትል ከመሪው ኋላ የልጇን ፊት አየች። ልትጮህ አፏን ከፈተች። አሥራ አራት ዓመት ያልተነገረው ነገር ሁሉ ምላሷ ጫፍ ላይ መጣ፤ ፍጥነትሽን፣ እጅሽን፣ እግርሽን፣ ስፖኪዮሽን። አፏን ዘጋች። እጇ ብቻውን ነጠላውን ከፍ አደረገ።

ፍሬሰላም እናቷን አላየችም። ዓይኗ ግራቪሊያዋ ላይ ነበር። መታጠፊያው ላይ ጎማው ትንሽ ተንሸራተተ፤ መሪውን አልነጠቀችውም፤ ጎማው ራሱ መሬቱን እስኪያገኝ ጠበቀችው። በእናቷ አጠገብ ስታልፍ የሞተሩ ትኩሳት ብርሃንነሽን ፊቷን ገረፋት። ከዚያ ወጣች።

ከላይ ጩኸት ሆነ፤ ብርሃንነሽ ግን ቀና ብላ አላየችም። አፈሩን ነበር የምታየው። የጎማው መስመር ከታች እስከ ላይ በክር የተሰመረ ይመስል ነበር። አሥር መኪና ባለፈበት ጭቃ ላይ የልጇን መስመር ለይታ ታየዋለች።

ደሬሳና ሚስቱ ክንዷን ይዘው አወጧት። ፍሬሰላም ከመኪናው ወርዳ በሩ አጠገብ ቆማለች፤ የሠላሳ ሁለት ዓመት ሐኪም ሳትሆን የተያዘች ተማሪ ትመስላለች።

«ከማን ተማርሽ?» አለች ብርሃንነሽ።

ጎሳዬ የጫማውን ጭቃ መመርመር ጀመረ።

«ጎሳዬ!»

«እትዬ፣ እሷ ናት እንዳልናገር ያስማለችኝ» አለ ጎሳዬ ዓይኑን ከጫማው ሳያነሣ።

«መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ስምንት ወር ሆነኝ» አለች ፍሬሰላም። «ገጠር ለሥራ ስወጣ መንዳት ግድ ሆነብኝ። ልነግርሽ ፈልጌ ነበር፤ በየሳምንቱ ዛሬ እነግራታለሁ እላለሁ። ግን ፈራሁ፣ እማ። ከሌላ ሰው መማሬን ስትሰሚ ይከፋሻል ብዬ ፈራሁ። ያየሽኝ ቀን ደግሞ እንዳልሳሳት ፈራሁ።»

ከፍቷት ነበር። ውሸት አይወራም፤ ለአንድ አፍታ ክፉኛ ከፍቷት ነበር። የከተማውን ልጅ ሁሉ ስታስተምር የራሷ ልጅ ከሰው ደጅ ሄደች። ዞር ብላ ጎሳዬን አየችው። ይህን ልጅ ከሃያ ዓመት በፊት እሷ ናት ጅሬን ዳገት ላይ ያስለቀሰችው። ፍሪሲዮን አለቃቀቁን ታውቀዋለች፤ የራሷ ነው። አሁን ከታች የሰማችውም ድምፅ ያው ነው።

«መታጠፊያው ላይ ነዳጅ ቀነስሽ» አለች ለልጇ።

«ትንሽ» አለች ፍሬሰላም።

«ትንሽ ነው። ልክ ነው፤ እኔም እቀንስ ነበር።»

ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና አጠገቧ ወደ ቆመው ደሬሳ ዞረች። «ኢንተላ ኮ ቲ» አለችው፤ ልጄ ናት። ደሬሳ አሁን «እማ» ስትላት ሰምቷል፤ ቢሆንም አዲስ ነገር እንደተነገረው ሁሉ፣ «ኤዬ፣ ሀርሜ! አዎ፣ እናቴ! አየኋት እኮ!» አላት። ሀምዳን «ማሻአላህ» እያለ ይመላለሳል፤ ጭቃ የለበሰች መኪናውን ረስቷታል።

ደሬሳን ከነቤተሰቡ ምሳ ካልመጣችሁ ብለው ለመኑት፤ ሥራ አለብኝ ብሎ እንቢ አለ። ሳምቡሳና ሙዝ አካፍለው፣ «ገለቶሚ፣ ገለቶማ» ብለው ተመሰጋግነው ተለያዩ። አስፋልቱ ላይ ወጥተው ጎማቸውን ነፉ። ብርሃንነሽ ወደ ቮልሷ መጣችና በልማድ ወደ ነጂው በር ሄደች። እጀታውን ከያዘች በኋላ ትንሽ ቆመች። ከዚያ መኪናውን በፊት በኩል ዞራ ከጎን ተቀመጠች።

«ጉልበቴ ስላመመኝ ነው» አለች።

«አውቃለሁ» አለች ፍሬሰላም።

ደኑ ጋ ሲደርሱ ከስድስት ሰዓት አልፎ ነበር። የበለጠ ጌራ ዛፎች ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማያቅፋቸው ናቸው፤ ግንዳቸው ላይ ሐረግ ወጥቶ፣ ሐረጉ ላይ ሌላ ተክል በቅሏል፤ ከሥራቸው ማንም ያልተከለው ቡና ቀልቶ ቆሟል። ጉሬዛዎች ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየዘለሉ አሥራ አንዱን መኪና በአድናቆት ይሁን በንቀት ከላይ ያዩዋቸዋል። የደኑ ጠባቂ የእንግዳ መዝገብ ይዞ መጣ። «የቡድኑ መሪ ማነው?» ሲል ሊቀመንበሩ ሀምዳን ራሱ ጣቱን ወደ ብርሃንነሽ ቀሰረ፤ ሌላውም እንዲሁ። እሷ ብዕሩን ተቀብላ ስሟን ጻፈች፣ «ከጅማ» ብላ ጻፈች፤ «ሥራ» የሚለው ጋ ስትደርስ ጡረተኛ አላለችም። «የመኪና አስተማሪ» ብላ በደንብ አጉልታ ጻፈችው።

ምሳው ደኑ ዳር ሣሩ ላይ ተበላ። ሀምዳን የዳገቱን ታሪክ ለራሳቸው ለወጡት ሰዎች መልሶ ነገራቸው፤ በነገረ ቁጥር ዳገቱ ይረዝማል። ብርሃንነሽ ግንድ ተደግፋ እግሯን ዘርግታ ሻይዋን ጠጣች። ከወዲያ ማዶ ፍሬሰላምና ጎሳዬ የቮልሷን ኋላ ከፍተው ስለ ካርቡራተሩ ይከራከራሉ። እንዲያ በርቀት ስታያቸው ፍሬሰላም ትክክል እንደሆነች አወቀች፤ አልተናገረችም።

ሲመለሱ የአሸዋው መኪና ተነሥቶ መንገዱ ተከፍቶ ነበር። ሰልፉ እንደ ጠዋቱ ተደረደረ፤ ሰማያዊዋ ቮልስ ጭራ ላይ፣ ፍሬሰላም መሪ ላይ፣ እናቷ ከጎን። ብርሃንነሽ ይህን መንገድ ለአርባ ዓመት ስትመላለስበት የምታውቀው ጉድጓዱንና ጠመዝማዛውን ነበር። አሁን እጇ ባዶ ሆኖ ጭኗ ላይ ተቀምጧል። ኮረብታው ላይ የከሰዓት ፀሐይ ሲተኛ አየች፤ ከቡናው መሀል ቅርጫት ያዘሉ ሴቶች ሲወጡ አየች፤ ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና አየች፤ የአደይ አበባ ርዝራዥ ቦዩ ዳር ቢጫ ሆኖ እስከ መታጠፊያው ሲሄድ አየች።

«ይህ ሁሉ እዚህ ነበር?» አለች።

«እዚሁ ነበር፣ እማ።»

ሀምዳን ከፊት መሀል መንገድ ያዘ። ብርሃንነሽ አየችው፤ ምንም አላለችም። ራሷን ወንበሩ ላይ አስደገፈች።

ዓይኗን ስትገልጥ መኪናው ቆሟል፤ የሚታያት የራሷ ግቢ በር ነው። ሄርማታ ላይ ሁሉም ጥሩምባ እየነፋ ተሰነባብቶ ሄዶ ነበር፤ አንዱንም አልሰማችም።

«ከሰቃ ጀምሮ አንኮራፍተሻል» አለች ፍሬሰላም።

«እኔ?» አለች ብርሃንነሽ ነጠላዋን እያስተካከለች። «ዓይኔን ጨፍኜ ሞተሩን እያዳመጥኩ ነበር።»